የምትዋጥ ፊደል፦ ከደሴ እስከ ፌርፋክስ ጎዳና

አሜሪካ ደርሼ መመለሴን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ስለ ፎቁ ርዝመትና ስለ መኪናው ብዛት ይጠይቀኛል። ፎቁ አለ፤ ግን አንገቴ ካረጀ ቆይቷልና ቀና ብዬ ጫፉን አላየሁትም። መኪናውም ብዙ ነው። ከዚህ ሌላ ከሎስ አንጀለስ ይዤ የመጣሁት ወሬ ቢኖር የአንዲት ፊደል ወሬ ነው። ባለቤቴ አስካለ ይህን ስትሰማ፣ «ዕድሜህን ሙሉ ሀሁ ስታስቆጥር ኖረህ፣ ለፊደል ብለህ ነው ባሕር የተሻገርከው? ፊደልማ እዚሁ ደሴ ሞልቶ» ብላ ስቃብኛለች። እውነቷን ነው። ይህቺኛዋ ግን ደሴ የለችም፤ አፍ ውስጥ ገብታ የምትቀር፣ የምትዋጥ ፊደል ናት። እዚያ የማይሄድ ሰው እንዲያውቃት ብዬ ነገሩን እንደሆነው እጽፋለሁ።

ነገሩ የሆነው ፈረንጆቹ ሰባዎቹ በሚሉት ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ነርስነት ለመማር የሄደችው ልጃችን ሰብለ፣ ጡረታ መውጣቴን ሰምታ የአውሮፕላን ቲኬት ላከች። አስካለን አብረን እንሂድ ብዬ ብለምናት «ሰማይ ላይ ምን ጥዬ?» አለችና ቀረች። እኔም ሰማይ ላይ የጣልኩት ነገር አልነበረኝም፤ ሆኖም ሄድኩ።

ከደሴ በአውቶቡስ ተነስቼ ጣርማ በር ላይ ጉም ውጦን፣ ሾፌሩ ረዳቱን ከፊት በእግሩ እያስኬደ አለፍን። ጎኔ የተቀመጡት ቄስ እስከ ደብረ ብርሃን ዳዊት ደገሙ። ከአዲስ አበባ በኋላ በነበረው አውሮፕላን ውስጥ ግን ዳዊት የሚደግም አልነበረም፤ ስለዚህ እኔው በሆዴ ደገምኩ። አንዲት ቆንጆ አስተናጋጅ በሳሕን ነጭ፣ ትኩስ፣ በሥርዓት የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። እንጀራ ነው። የእኛን ባህል አውቀው ጠቅልለው አቀረቡልኝ ብዬ ኮራሁ፤ ወጡ እስኪመጣም በትዕግሥት ጠበቅሁ። ወጡ ሲዘገይ ከጫፉ ቆረስ ላደርግ ብሞክር አልቆረስ አለ። ከጎኔ የነበረው ፈረንጅ የራሱን ፈትቶ ፊቱን ሲጠርግበት ነው ፎጣ መሆኑ የገባኝ። እኔም ሲፈልገው የነበረ ሰው መስዬ ፊቴን ጠረግሁ። ያን ቀን ከፎጣ የተረፍኩ ሰው ነኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ሰብለ አቅፋ ሳመችኝና፣ «አባዬ፣ ደከመህ?» አለችኝ። ለማን እንደተናገረች ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከደሴ ስትሄድ «አንቱ» ብላኝ ነበር የሄደችው፤ አንቱታው ውቅያኖሱ ላይ ወድቆ ይሆናል። ቀጥላ፣ «ሶ፣ ፓርክ ያደረግኩት ራቅ ብሎ ነው። ትንሽ ዎክ እናደርጋለን፣ ኦኬ?» አለች። እኔም «ኦኬ» አልኩ። በአሜሪካ ምድር የተናገርኳት የመጀመሪያዋ ቃል እሷ ናት፤ ለብዙ ቀንም ከእሷ ሌላ አላስፈለገኝም።

የምትኖረው ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ባለ መንገድ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከቤት የላክንላትን ሽሮ ሠርታ በዳቦ አበላችኝ። ዳቦው ጥጥ ነው፤ ይነከሳል እንጂ ጥርስ ላይ አይደርስም። የምተኛበት ሶፋ ሲጎትቱት አልጋ ሲገፉት ወንበር ይሆናል። ዘመናዊ ነገር ይሉታል፤ እኔን ግን ሌሊቱን ሲያሳስበኝ ያደረው ከነእኔ መልሶ ወንበር እንዳይሆን ነው።

ዓርብ ሰብለ ትምህርት ቤት ስትሄድ ብቻዬን ፌርፋክስ ላይ ወጣሁ። መንገዱ እንደ ፒያሳችን ዳገት የለውም፤ ሜዳ ነው፤ ሰው ግን በእግሩ አይሄድም። የሚሄዱት ሽማግሌዎችና እኔ ብቻ ነን። ብዙዎቹ አይሁድ ናቸው። አንድ ዳቦ ቤት መስኮት ላይ በእነሱ ፊደል የተጻፈ ነገር አየሁና ቆሜ በጣቴ እያመለከትኩ፣ ይህ አልፍ ይሆን፣ ይህ ቤት ይሆን እያልኩ እለይ ጀመር። የእኛ አ ጥንት ስሙ አልፍ፣ በ ደግሞ ቤት አይደል? ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት አሮጊት ግን ዳቦዋን የምቆጥር የተራብኩ ሰው መስያት ኖሮ ወጥታ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ድቡልቡል ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረች። ልከፍል ብል እጄን መለሰችው። ልመና የወጣሁ መስዬ መገኘቴን ለሰብለ አልነገርኳትም፤ ዳቦውን ግን አብረን በላነው።

ቅዳሜ ጋቢዬ ታሪክ ሠራ። ከሰብለ ቤት ማዶ ሳንቲም እየጎረሱ ልብስ የሚያጥቡ ማሽኖች የተደረደሩበት ቤት አለ። ሰብለ ልብሷን አንዱ ውስጥ ከታ ጉዳይ አለኝ ብላ ስትወጣ፣ እኔም ሥራ ፈት ላለመሆን ጋቢዬን ሌላው ውስጥ ከተትኩ። ዱቄት ሳሙናውን በእኛ ቤት መጠን ጨመርኩ። ባለ አራት ድርብ ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ማሽኑ ግን አያውቅም። መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ከዚያ እንደ ታሰረ በቅሎ ይራገጥ ጀመር፤ በመጨረሻ አረፋ እያስታወከ ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ያየኛል። እኔም የማን ጋቢ ነው ብዬ እንዳላይ፣ በቤቱ ውስጥ ጋቢ የሚለብስ ሰው ከእኔ በቀር የለም።

በዚህ መሀል አንድ አጠር ያለ፣ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ከእኔ ጠቆር የሚል ሰው መጣ። የሸሚዙ ኪስ ላይ እርሳሶች ተሰልፈዋል። ክንዱን እስከ ትከሻው ከቶ ጋቢውን እንደ ሞተ በግ ጎትቶ አወጣልኝ። ከዚያም አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ፤ ሌላውን እሱ ያዘ። እኔ ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ እየጠመዘዝን ጨመቅነው። ይህን ማንም ሳያስተምረው የሚያውቅ ሰው የእኔ ዓይነት አገር እንዳለው ገባኝ። ሰብለ ስትመለስ ወለሉ በውሃ ተጥለቅልቆ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢ ይዘን እንጎታተታለን። ሰውዬውን ታውቀው ኖሯል፤ ከእሷ ቤት ታች የሚኖር ሲንግራይ የሚባል የህንድ አገር ሰው ነው። ሃውቶርን በሚባል ቦታ አውሮፕላን በሚሠሩበት ፋብሪካ ንድፍ ይሥላል። ሚስቱ ዱላሪ ባለፈው ዓመት ሞታበታለች። ሰብለ የመጨረሻዋን ሰሞን ከትምህርት ስትመለስ እየገባች ትራሷን ታስተካክልላት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት አገሩ እንደሚሄድ ነገረንና እሑድ ምሳ ጠራን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውቅ። ከሲንግራይ ጋር የተነጋገርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ የጎደለኝን ሰብለ ትሞላልኝ ነበር። እንግሊዝኛ ደግሞ አንተንም አንቱንም በአንድ ቃል ይጠራል። ሚስቱን ያጣ ሽማግሌ ስለሆነ በአማርኛ ሳዞረው አንቱ ብየዋለሁ፤ እሱም እኔን አንቱ እንዳለኝ አድርጌያለሁ። ካላለኝም ይገባኝ ነበር።

እሑድ ቤቱ ገባን። ሩዝ፣ ምስር፣ አሳ። ማንኪያ ፈልጌ ስዞር እሱ በእጁ ጀመረ፤ እኔም እጄ ናፍቆት ነበርና ሰተት አለ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ብቻውን የሚኖር ወንድ እንዲህ ሲያጸዳ ደስ አይልም፤ ሐዘን አለበት። ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ በትላልቁ የተሣሉ ምልክቶች ተለጥፈዋል፤ አምስት አምስት ሆነው በስድስት ረድፍ። ምን እንደሆኑ ስጠይቀው ፊቱ በራ።

ሕዝቡ ሳንታል ይባላል፤ ቋንቋው ሳንታሊ። ብዙ ሚሊዮን ሆነው ፊደል አልነበራቸውም። ምሥራቅ ያለው በጎረቤቱ ፊደል፣ ደቡብ ያለው በሌላ ጎረቤቱ ፊደል፣ ሚስዮን ያስተማረው ደግሞ በላቲን ይጽፋል። ወንድም ለወንድሙ በአንድ ቋንቋ ጽፎ ወንድሙ ማንበብ ያቅተዋል። ኋላ አንድ ከራሳቸው የተወለደ የመንደር አስተማሪ፣ ገና በወጣትነቱ፣ የማንንም ሳይዋስ ፊደል አወጣላቸው። ማተሚያውንም ከእንጨት ጠርቦ ሠራው ይባላል። ቅርጾቹን የወሰደው ሰዎቹ በየቀኑ ከሚያዩትና ከሚያደርጉት ነው። ኦት ክብ ናት፤ ምድር ማለት ነው። ኢስ ማረሻ ናት። ኢር ማጭድ። ኡድ እንጉዳይ። አም እጁን ወደ ሌላ ሰው የዘረጋ ሰው ነው፤ «አንተ» ማለት። ኢኝ እጁን ወደ ራሱ የመለሰ ሰው፤ «እኔ»።

ኝን ስሰማ ዘልዬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። «ኝ እኛም አለን!» አልኩ፤ ዘመድ ማግኘት ለምዶብኝ። ከዚያም ልኮራበት ብዬ የእኛም ፊደላት ጥንት ስም እንዳላቸው ነገርኩት፤ ረ ርእስ ነው፣ ፈ አፍ ነው፣ የ የመን፣ ቀኝ እጅ ነው፣ መ ማይ ነው፣ ውሃ ማለት። ሰብለ አፏን ከፍታ አየችኝ፤ ይህን ለእሷም ነግሬያት አላውቅም። ደግሞም ድምፃቸው ከሌሎች ጋር አንድ የሆነባቸውን ፊደላት እንቀንስ ከሚሉት ወገን እንደነበርኩ፣ ዐንም እናውጣ ብዬ ስብሰባ ላይ እንደጮኽኩ ተናገርኩ። «ስሟ ምን ነበር?» አለኝ ሲንግራይ። ዐይን አልኩት። አሰበና፣ «ታዲያ ዐይን ሊያወጡ ነበር?» አለ። አገር ቤት የተቃወሙኝ ሊቃውንት ሁሉ ተሰብስበው እንዲህ አድርገው አልመለሱልኝም።

ዱላሪ መጻፍ አታውቅም ነበር። እዚህ ስትታመም ጊዜ ይለፍላት ብሎ ፊደሎቹን እየሣለ ያስጠናት ጀመር፤ ወጥ ስታማስል እንድታይ ምድጃው ላይ የለጠፈው እሱ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ኢኝ ጋ ስትደርስ ማማሰያዋን አስቀምጣ፣ «እንግዲህ እኔ ጋ ደረስኩ፤ የቀረውን አንተ ጨርሰው» አለችው። እየቀለደች ነው። ከዚያ ወዲያ አልቀጠለችም።

ሰኞና ማክሰኞ የምጽፈው የለኝም፤ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ቴሌቪዥን ውስጥ ሰዎች ሲሳሳቁ አየሁ። ምን እንደሚያስቃቸው ስላልገባኝ አብሬ ሳቅሁ፤ እንግዳ ማለት ያው ነው።

ረቡዕ ሲንግራይ የሥራ ቦታዬን ላሳይዎት ብሎ በመኪናው ሃውቶርን ወሰደኝ። አውሮፕላን ይሠሩበታል ሲባል ብዙ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ያየሁት አጥርና ጣሪያ ነው። አጥሩ ሥር መኪናውን አቁመን የያዘውን ሩዝ በላን። ያን ጊዜ ነው ዋናውን ነገር ያወጣው፤ በእንግሊዝኛው ያመለጠኝን ማታ ሰብለ አሟላችልኝ።

በቋንቋቸው የቃል መጨረሻ ላይ የሚመጡ የሚዋጡ ድምፆች አሉ። አፍ ለድምፁ ይዘጋል፤ ግን አይከፈትለትም፤ እዚያው ያልቃል። ጎረቤቶቻቸው ፊደል ውስጥ ለእነዚህ ቦታ አልነበረም፤ ያ አስተማሪ ግን ቦታ ሰጣቸው። ምሳሌ እንዲሆነኝ ውሃን በቋንቋቸው ጠራልኝ። እኔም ደገምኩለት፦ «ዳቅ»። ራሱን ነቀነቀ። እንደገና «ዳቅ!» አልኩ፤ ቅን የሚያህል ነገር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሲንግራይ በትዕግሥት፣ «ውሃውን ተፉት። እኛ እንውጠዋለን» አለኝ።

አየሁት፤ እውነትም የእኛ ቅ፣ ጥ፣ ጵ ሁሉ እንደ ቆሎ ይፈነዳሉ። የእነሱ ግን ከከንፈር ሳይወጣ ይመለሳል። ድምፁ ተኝቷል፤ ከኋላው አናባቢ ሲመጣ ግን ይነቃል። የውሃው ግ ሆኖ ይነሣል፤ ስለዚህ የሚጻፈው ኦግ በምትባለው ፊደል ነው። ሌላ ቃል አለ፤ እሱም «ዳ» ብሎ ይጀምርና ከንፈር ገጥሞ ይዋጣል፤ ቤት በሣር መክደን ማለት ነው። እሱ ሲነቃ ብ ይሆናል፤ የሚጻፈውም በኦብ ነው።

ዱላሪ ከመሞቷ በፊት ለእናቷ የሚላኩ የእርሻ ዘፈኖች በቴፕ ቀድታ ነበር። እሱ ዘፈኖቹን በፊደላቸው እየገለበጠ ነው፤ ይዞላት ሊሄድ። እናቲቱ ማንበብ ባትችልም የዱላሪ እህት ልጆች ያነቡላታል። የመጨረሻው ዘፈን ካለቀ በኋላ ቴፑ ሳይዘጋ ቀርቶ አንዲት ቃል ገብታበታለች። «ዳ—» ብላለች ዱላሪ፤ ሌላው ተውጧል። እሱ ተነሥቶ ውሃ አመጣላት። ትንሽ ጠጣችና ብርጭቆውን መልሳ ሰጥታው አየችው።

«የጠማው ሰው ጠጥቶ እንዲያ አያይም» አለኝ ሲንግራይ። «የእናቷ ቤት ክዳን እንደሚያፈስ በመጨረሻው ሰሞን ደጋግማ ታነሣ ነበር። የእናቴን ቤት ክደንልኝ ብላኝ ውሃ ሰጥቻት ቢሆንስ?»

ከዚያች ቃል በኋላ አልተናገረችም። ሲጽፈው ወይ ኦግ ወይ ኦብ ማድረግ አለበት፤ ፊደል እንደ አፍ አይደለም፣ መዋጥ አያውቅም። አንዲት አ ብትጨምርበት ኖሮ ድምፁ ነቅቶ ይለይለት ነበር። አልጨመረችም። ኦግ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ናት፤ ዱላሪ ታውቃት ነበር። ኦብ መጨረሻ ረድፍ ላይ ስለሆነች አልደረሰችባትም። ሲንግራይ እንዲያው ኦግ ብትሆንለት ይወዳል፤ ስለሚወድ ደግሞ ጆሮውን አያምነውም።

«የአገሬ ሰዎች ቢሰሙት በሐሳብ ነው የሚፈርዱት» አለ። «እኔ የምፈልገው ትርጉሙን የማያውቅ ጆሮ ነው። እርስዎ ደግሞ የፊደል ሰው ነዎት።»

የፊደል ሰው! ሠላሳ ዓመት የቃል ጽሕፈት ያስጻፍኩ ሰው ነኝ፤ ሃሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ በጆሮዬ እለያለሁ እያልኩ ስኩራራ የኖርኩ፤ ያን መለየት የሚችል ጆሮ ደግሞ በአገራችን ካለቀ ስንት ዘመኑ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። መንገዱን ሙሉ ግን ደረቴ ተነፍቶ ተመለስኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰብለም ባለችበት ቴፑን ከፈተው። መጀመሪያ ዘፈኑ መጣ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ከመሀሉ እየቆመች ትተነፍሳለች። እኛ አገር አረም ሲታረም አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ እንደሚቀበሏት ዓይነት ነው፤ እሷ ግን ራሷ ታወጣለች፣ ራሷ ትቀበላለች። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ፦ «ዳ—»። የእግር ኮቴ፣ የውሃ ድምፅ፣ ብርጭቆ። አለቀ።

ደግሞ አሰማኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እንደ ዳኛ። ሁለቱም ሲጠብቁኝ፣ «ዳቅ ነው» አልኩ። «ቅ። ጥርጥር የለውም።»

ሲንግራይ ወረቀቱን ሳበ። እርሳሱን ከኪሱ መዝዞ ባዶ በተወው ቦታ ላይ ኦግን ሣለ። ቀስ ብሎ ነው የሣላት፤ የአውሮፕላን ክንፍ እንደሚሥል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሰብለ ክንዴን ያዘችኝ። እኔም አሜሪካ የመጣሁበት ምክንያት ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ልትከለክሉኝ አትችሉም፣ አንድ ቀን ሙሉ ነበረኝ።

ዓርብ ጠዋት ሰብለ ሻይ ስትቀዳልኝ፣ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልበልህ፣ ግን አትቆጣ» አለች። ሌሊቱን ስታስብ አድራለች። ሲንግራይ ሩዙን፣ በሩን፣ ምኑንም በቋንቋው ሲጠራልኝ መጨረሻው የተዋጠ ቃል ከሆነ እኔ ሁሉንም ቅ እያደረግሁ ነው የምደግመው። ተቆጣሁ። ቼክ እናድርግ አለች። እናድርግ አልኩ፤ የተቆጣ አስተማሪ ፈተና አይፈራም።

ሲንግራይ መጣ። ነገሩን ስትነግረው ፊቱ ጠቆረ፤ ግን ንድፍ ሠሪ ነውና ሳይለካ የሚያልፍ ሰው አይደለም። ጀርባዬን አዞሩኝ። እሱ ከኋላዬ ቆሞ ቃል ይጠራል፤ እኔ ወረቀት ላይ የሰማሁትን እጽፋለሁ። ዳቅ ጻፍኩ። ደግሞ ዳቅ። ደግሞ ዳቅ። ሲበቃን ሰብለ ወረቀቱን አነሣችና ለእሱ አነበበችለት። ውሃው ዳቅ። ክዳኑም ዳቅ። ትርጉም የሌለው፣ ለፈተና ብሎ የፈጠረውም ዳቅ።

ሰብለ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ቀጥሎ እንባዋ መጣ። ሲንግራይ ግን ትከሻዬን ነካ አደረገኝና፣ «ጆሮዎ በር ላይ ቅ የሚባል ዘበኛ ተቀምጧል። ሌላ አያስገባም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው እኮ። እሱ እኔን።

ከኪሱ ላጲስ አወጣ። የንድፍ ሰዎች ላጲስ ወረቀት አይጎዳም፤ ሆኖም ኦግ ስትጠፋ ጥላዋ ቀረ። ብርሃን ላይ ይዞ አየው። በላይዋ ላይ ኦብን ይሥል እንደሆን ጠበቅሁ፤ አልሣለም። ወረቀቱን አጥፎ ከሌሎቹ ጋር ከተተው። እኔ ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ እንግሊዝኛውን ስፈልግ፣ ያለኝ «ኦኬ» ብቻ ሆኖ ተገኘ። እሷን ደግሞ ለዚህ ማውጣት አልቻልኩም።

ቅዳሜ አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘነው እኛ ነን፤ ሌላ ሸኚ አልነበረውም። ሰብለ ድራይቭ ስታደርግ እሱ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። ጭኑ ላይ በነጭ ጨርቅ የታሰረች ትንሽ የሸክላ ገንቦ ይዟል። አስከሬን አቃጥለው ጥቂት አጥንት ያስቀራሉ፤ እሱን ዳሞዳር የሚባል ወንዛቸው ውስጥ ካልጨመሩ ሙት ቤቱ አልገባም። እኛ አፈር እንላለን፣ እነሱ ውሃ። ያን ያህል መንገድ በእቅፉ ሊይዛት ነው። መኪናዋ ስትንገጫገጭ በሁለት እጁ ይደግፋታል።

በሩ ጋ ስንደርስ ጠየቅሁት፤ «ባዶውን ቦታ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«እንዳለ ይሄዳል» አለኝ። «እሷን ወንዙ ውስጥ አኖራታለሁ። ከዚያ ወደ እናቷ ቤት ሄጄ ጣሪያው ላይ እወጣለሁ፤ ሣር መክደን አልረሳሁም። ሁለቱንም ካደረግሁ አንዱ የጠየቀችኝ ነው።»

ከዚያ ቀኝ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ «አም» አለ። ቀጥሎ ወደ ራሱ መልሶ ደረቱን ነካና «ኢኝ» አለ። እኔም ተከተልኩት። ሁለት ሽማግሌዎች አውሮፕላን ማረፊያ መሀል ቆመን ፊደል እንቆጥር ነበር። ሕዝቡ በዙሪያችን ተከፍሎ ያልፋል። ገንቦዋን እንደ ሕፃን ወደ ደረቱ ጠጋ አድርጎ ገባ፤ ወደ ኋላም አልዞረም።

እኔ ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን ቆየሁ። የዳቦ ቤቷ አሮጊት ሁለተኛ ዳቦ ሰጠችኝ፤ ያኔ ግን ገንዘቡን አስቀምጬ ሮጥኩ፤ በእኔ ዕድሜ መሮጥ ከተባለ። ሰብለ ስትሸኘኝ፣ «አባዬ፣ ደህና ግቡ» አለችኝ፤ አንቱታው ከየት ተገኝቶ እንደመጣ እንጃ። አውሮፕላኑ ውስጥ ፎጣውን ሳይሰጡኝ በፊት አወቅሁት። ደሴ ስገባ ክረምቱ ጀምሮ ጦሳ በጉም ተከናንቧል።

አሁን ይህን ስጽፍ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስለ ሲንግራይ የሰማሁት ነገር የለም። ወንዙም ዘንድ ደርሶ ይሆናል፤ ጣሪያውም ተከድኖ ይሆናል። እኔ ሥራዬ ብዬ የያዝኩት ያችን ቃል መለማመድ ነው። ሰው በሌለበት መስኮቱ ጋ እቀመጥና ቅን ሳልተፋ፣ ዘበኛውን ከበር ገለል አድርጌ፣ «ዳ—» ብዬ ለመዋጥ እሞክራለሁ። ጉሮሮዬ እምቢ ይላል።

ትናንት ስሞክር ይመስለኛል ድንገት ሆነልኝ። ቅም አልወጣ፣ ምንም አልወጣ፤ አፌ ውስጥ ገብታ ቀረች። እስትንፋሴም አብሮ ተያዘና ዓይኔ ፈጠጠ። አስካለ ከጓዳ ሰምታኝ ኖሮ ምን ዋጥክ ሳትል፣ ምን ሆንክ ሳትል፣ ብርጭቆ ውሃ ይዛ እየሮጠች መጣች። ስሟንም አልጠራሁም፤ ውሃም አልጠየቅሁም።

ሳይጠማኝ ጠጣሁ። ብርጭቆውን መልሼ ስሰጣት ቀና ብዬ አየኋት፤ ብዙ ጊዜ ሳላያት የቆየሁ ይመስል ዝም ብዬ አየኋት።

«ምነው?» አለችኝ። «አልጠማህም ነበር እንዴ?»